ቺፑን ከእሳቱ አርቀው

«ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ቴርሞካፕልና የብሉቱዝ ቺፕ አንድ ላይ የመንኮራኩር ሙቀት መከላከያ ጋሻ ውስጥ ብቀብር ዳታው ያለ ገመድ ይደርሰኛል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አይደርስህም። እኔ የጠፈር ሰው አይደለሁም፣ እንጀራዬ የፋብሪካ ምድጃ ሙቀት መለካት ነው። ችግሩ ግን ያው ነው።

ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል (ከሁለት ዓይነት ብረት ሽቦዎች የተሠራ የሙቀት መለኪያ) እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል። ተራ የሲሊከን ቺፕ ግን 125ን ካለፈ አትመነው። ባትሪማ ከዚያም በፊት ነው የሚያልቅለት። ስለዚህ እኛ የሽቦውን ጫፍ እሳቱ ውስጥ ትተን ማስተላለፊያውን ቀዝቃዛ ቦታ እንሰቅለዋለን። ገመድ አልባው ከዚያ ወዲህ ያለው ብቻ ነው።

ናሳም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም። ኮሎምቢያ የምትባለው መንኮራኩሩ በ2003 ከጠፋች በኋላ በቀሩት መንኮራኩሮች በእያንዳንዱ ክንፍ 66 አክስለሮሜትር (የንዝረት መለኪያ) እና 22 የሙቀት ሴንሰር ገጠመ። ዳታው ያለ ገመድ ካቢን ውስጥ ወዳለ ላፕቶፕ ይሄድ ነበር። የተገጠሙት ግን ከጋሻው ጀርባ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ክንፍ ውስጥ አዲስ ገመድ መዘርጋት ራስ ምታት ስለሆነ ሬድዮው አዋጣ። ባትሪው ስለሚያልቅ ግን ሌት ተቀን አይሠሩም ነበር።

በ2012 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ኪውሪዮሲቲስ? የጋሻዋ ቴርሞካፕሎች በገመድ ነበር የተያያዙት። ጋሻው ከመጣሉ በፊት ገመዱ መቆረጥ ነበረበት። ገመድ ክብደትም አለው። ሰዉ ገመድ አልባ የሚመኘው ወዶ አይደለም።

የግድ እሳቱ ውስጥ ካልክ «ሳው» የሚባሉትን ሴንሰሮች አንብብ። ቺፕም ባትሪም የላቸውም። ከውጭ የላክኸው የሬድዮ ምት ክሪስታሉ ፊት ላይ የድምፅ ሞገድ ሆኖ ይጓዝና ተመልሶ ሬድዮ ሆኖ ይመጣል። ሙቀቱ ሲለወጥ ፍሪኩዌንሲው ይለወጣል፣ አንተ እሱን ታነባለህ። ኳርትዝ እንዳትገዛ፣ 573 ዲግሪ ላይ ውስጣዊ አወቃቀሩ ይቀየራል። ላንጋሳይት የሚባለው ክሪስታል ግን እስኪቀልጥ ድረስ፣ ማለትም ከ1,400 በላይ፣ ባሕርይው አይፈርስም። በተግባር ቀድሞ የሚበላሸው ላዩ ላይ ያለው ስስ የፕላቲነም ኤሌክትሮድ ነው።

አንድ ነገር ብዙዎች ይረሳሉ። ጋሻው ሲቃጠል ፊቱ ይከስላል። በዚያ ሙቀት የከሰለ ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሬድዮውን ያፍነዋል። ሴንሰሩን የሚያነበውን መሣሪያ ከጋሻው ጀርባ አድርገው፣ በፊት በኩል አይሆንም። ምድጃ ከመከራየትህ በፊት በሴንሰሩና በአንቴናው መሀል የካርቦን ፋይበር ሳህን አስገባና ሲግናሉ ምን ያህል እንደሚወርድ ለካ።