«ሙሉ ልብ እስኪኖረኝ ብጠብቅስ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ መርካቶ ቡናና ኮረሪማ እነግዳለሁ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ዐሥራትም አወጣለሁ። ንስሐ ገብቼ ልቁረብ ስል ግን ልቤ ግማሽ ይሆንብኛል። እውነቱን ለመናገር ሚዛን ላይ ሁሌ ቀጥ አልልም። አጋሮ ካለው ወንድሜ ጋርም በአባታችን የቡና መሬት ተኳርፈን አንነጋገርም። እግዚአብሔርን ከማታልል ሙሉ ልብ ሲኖረኝ ብቀርብ ይሻላል ብዬ ተውኩት። «ወይ በራድ ወይ ትኩስ ሁን» ይል የለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቺን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት! «ለይስሙላ ከምቀርብ ቢቀርብኝ ይሻላል» ይሉኛል። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። አንዳንዴም ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቀጠሮ ነው።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ልብ ብለህ እይ። ቁርባን ሲደርስ የሚቀርበው ማነው? እናቱ ያቀፈችው ሕፃን፣ በከዘራ የሚራመዱ አባት፣ ወገባቸው የጎበጠ እናት። መሀሉ ባዶ ነው። ጎልማሳው ነጠላውን አጣፍቶ አጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። ለሥጋ ወደሙ ሽበት የሚጠየቅ ይመስል እንጠብቃለን፤ ለሽበቱ ደግሞ ዋስ የሆነን የለም። ፊልክስ የሚባለው ገዥም ጳውሎስ ስለ ጽድቅና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ደንግጦ ነበር። ከዚያ ምን አለ? አሁን ሂድ፣ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ። አስጠራውም፣ ደጋግሞ፣ ጉቦ ፈልጎ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈና ጳውሎስን እንዳሰረው ሥልጣኑን ለሌላ አስረክቦ ሄደ።

የጠቀስካትን ቃል ደግሞ ሰው ሁሉ ካለቦታዋ ይጎትታታል። በራእይ ምዕራፍ 3 ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈች ናት። የሎዶቅያ ሰዎች ለብ ያሉት «ልቤ ጎደለብኝ» ብለው ተጨንቀው መሰለህ? ኧረ የት! ባለጠጋ ነኝ፣ አንዳች አያስፈልገኝም ብለው ተደላድለው ነው። አንተ እኮ የጎደለህን አንድ በአንድ ቆጥረህ ጻፍክልኝ። ደግሞ ጥቂት መስመር ዝቅ ብለህ ብታነብ፣ «እነሆ በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ» የሚል ታገኛለህ። ይህን ያለው ለነማን ነው? ለእነዚያው ለብ ላሉት። ትኩስ ስትሆኑ እመጣለሁ አላላቸውም፤ እነሱ ለብ እንዳሉ በራቸው ላይ ቆሞ ነው የሚያንኳኳው። ይህን ጥቅስ ይዞ ከቤተ ክርስቲያን የሚሸሽ ሰው ሳይ ሁሌም ይገርመኛል።

ቡና ታውቃለህ አይደል? አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ነው ያለው። ለቃሚው ዛሬ የቀላውን ይለቅምና ለቀረው ሌላ ቀን ይመለሳል። ሁሉም ባንዴ ይቅላ ያለ ሰው የቀደመው ደርቆ ይረግፍበታል። ዛሬ የቀላውን ይዘህ ቅረብ።

አሁን ግን ትንሽ ጠንከር ልበልህ። ግማሽ ልብ ይዞ መቅረብ አንድ ነገር ነው፤ ግማሹን «ይኸው ሙሉው» ብሎ ማቅረብ ግን ሌላ ነው። ዘኬዎስ ለድሆች እሰጣለሁ ያለው የሀብቱን እኩሌታ ነው፣ የቀማሁትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፣ በዚያው ቀን መዳን ለቤቱ ሆነለት። ሐናንያና ሰጲራስ? የመሬታቸውን ዋጋ አመጡ፣ ምን ያህሉን እንዳስቀሩ አልተጻፈም፣ ምናልባት ካመጡት ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጴጥሮስም ሳትሸጠው የአንተ አልነበረም ወይ ነው ያለው። ሙልጭ አድርገው እንዲሰጡ ያስገደዳቸው አልነበረም። የጎዳቸው አስቀርተው ሲያበቁ ሁሉንም እንዳመጡ መቅረባቸው ነው። ስለዚህ ንስሐ አባትህ ፊት ስትሆን ያልሰጠኸውን አልሰጠሁም በል። በጥቅሉ «አባ፣ ኃጢአተኛ ነኝ» ብለህ አትለፈው፣ ያማ ሁላችንም ነን። ሚዛኑን በስሙ ጥራው።

የላክልኝን ጥያቄ እስቲ አንዴ ደግመህ አንብበው። «ልቤ ግማሽ ነው» ትላለህ፣ ግን ግማሽ ያደረጉት ሁለት ነገሮች እዚያው ተጽፈዋል። ሙሉ ልብ ሲባል ዕንባ መውረድ፣ ሰውነት መንዘር ይመስለናል፣ እሱን ስንጠብቅ ሚዛኑ እንደተንሻፈፈ ይኖራል። ሚዛኑ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በአህያ ጭኖ መጥቶ ሚዛንህ ላይ ሲያወጣው አይተኸዋል፤ ትንፋሹን ውጦ፣ ዓይኑን እዚያው ላይ ተክሎ ነው የሚጠብቀው። የሚከራከርህ እንዳይመስልህ፣ ይዞ እንደማይመለስ ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል። የበደልከውን ሰው ካወቅከው ሄደህ መልስለት። ካላወቅከው ምን እንደምታደርግ ንስሐ አባትህ ይነግሩሃል።

የወንድምህ ነገር ጊዜ ይወስዳል። ጌታ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ ታረቅ ሲል፣ ተመልሰህም አቅርብ ብሏል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያዋን ሰምተን መባውን እንተዋለን፣ ለእርቁም አንሄድም። አጋሮ ቅርብ ነው፣ ሚኒባስ ሞልቷል። መሬቱን ሽማግሌ ይየው። ሽማግሌው ሙስሊም ጎረቤታችሁ ቢሆኑስ ምን ገዶህ፣ አባታችሁንና ድንበሩን የሚያውቁ ከሆነ እንዲያውም እሳቸው ይሻላሉ። ወንድምህ እምቢ ካለም ሄደህ እምቢ መባልህን ለንስሐ አባትህ ንገር፣ ሳትሄድ «እሱ እኮ አይሰማም» ማለት ግን አይሠራም።

«ቆርቤ ብወድቅስ?» ማለትህ አይቀርም። ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል ይላል መጽሐፉ። ነገ ልዋሽ ብለህ አቅደህ ብቻ አትቅረብ። ከወደቅክ ደግሞ ወደ ንስሐ አባትህ የሚወስደውን መንገድ ታውቀዋለህ።

ዛሬ ማታ ደውልላቸው። ቀኑንም እሳቸው ይቁረጡልህ። አንተ ስትቆርጠው እስካሁን የሆነውን አይተነዋል።