መድረክን ከባልደረባ ጋር ስለ መካፈል

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የመሥሪያ ቤታችንን የፕሮጀክት ውጤቶች ለኃላፊዎች የምናቀርበው እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ አብረን ነው። ስላይዶቹን እኩል እንከፋፈላለን፤ ይሁን እንጂ እርሱ አንደበተ ርቱዕ በመሆኑ ከተመደበለት ጊዜ ያልፋል፣ እኔ ስናገርም መሀል እየገባ «ያሟላልኛል»። የቀረችኝን ደቂቃ በጥድፊያ ስጨርስ እንደ ረዳቱ እየተቆጠርኩ ነው። ብቻዬን ሳቀርብ ይህ ችግር የለብኝም። ሳላስቀይመው እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብቻዎን ሲያቀርቡ የማይቸገሩ ከሆነ ጉድለቱ ከንግግር ችሎታዎ ሳይሆን ከአከፋፈላችሁ የመጣ ይመስለናል። ስላይድን በቁጥር መካፈል ለዓይን ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሐሳብ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው ሲደርስ፣ ቀዳሚው ተናጋሪ የጀመረውን ሳይቋጭ መተው ስለሚከብደው ወደ ተከታዩ ድርሻ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ስላይዱን ትታችሁ ጥያቄዎቹን ተከፋፈሉ። «ችግሩ ምን ነበር፣ ምንስ አደረግን?» የሚለውን እርሱ ከያዘ፣ «ምን ተገኘ፣ ከእናንተስ ምን ውሳኔ እንጠብቃለን?» የሚለው ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ይሁን። ውሳኔ የሚጠይቀውን ክፍል የያዘ ሰው፣ ድርሻው በደቂቃ ቢያንስ እንኳ፣ ረዳት መስሎ አይታይም።

20 ደቂቃ ከተሰጣችሁ ለ17 ደቂቃ ያህል ብቻ ተዘጋጁ፤ ተራ መለዋወጡ ራሱ ጊዜ ይበላል። ሰዓቱን የሚጠብቀው በዚያች ሰዓት የማይናገረው ነው። የባልደረባዎ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ መድረኩ መሀል ጥቂት ቢጠጉ፣ ታዳሚው የተለመደ የተራ ለውጥ አድርጎ ያየዋል፣ ተናጋሪው ግን መልእክቱ ይደርሰዋል። ይህን ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ ሳይነጋገሩ ቢያደርጉት መጋፋት ይሆናል።

የሁለት ሰው ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ የሚላላው በርክክቡ ላይ ነው። «ቀሪውን ባልደረባዬ ያቀርባሉ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ተናጋሪ መለወጡን እንጂ ሌላ ምንም አይነግርም። በአንጻሩ «ወጪው ለምን እንደቀነሰ አይታችኋል፤ ይህ ቁጠባ ግን ይዘልቃል ወይ? ባልደረባዬ በአኃዝ ያሳዩአችኋል» ቢባል፣ አድማጩ መልሱን ከእርስዎ መጠበቅ ይጀምራል። እርስዎም ምስጋናና ራስን ማስተዋወቅ ሳያስቀድሙ በቀጥታ ወደ መልሱ ይግቡ። የእርሱን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የእርስዎን የመጀመሪያ ሁለታችሁም በቃል አጥኑት፤ ሌላውን በቃል መያዝ አያስፈልግም።

ባልደረባዎ ሲናገር እርሱን ይመልከቱ፤ የሰው ዓይን የሌላውን ዓይን ስለሚከተል፣ እርስዎ ወረቀትዎን ሲያገላብጡ ታዳሚውም ወደ እርስዎ ይዞራል። ከፕሮጀክተሩ ብርሃን ወጣ ብለው ይቁሙ። (ከልብስ ጋር የሚታሰር ማይክሮፎን ከሆነ ድምፁን ያጥፉት፤ የቆመ ሰው ትንፋሽ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ አዳራሹን ያስቃል።) የስላይድ መቀየሪያው ምንጊዜም በተናጋሪው እጅ ይሁን፤ አንዱ እየተናገረ ሌላው በትእዛዝ ስላይድ የሚቀይር ከሆነ፣ ማን የማን ረዳት እንደሆነ ታዳሚው ሳይነገረው ይወስናል።

መሀል መግባቱን በተመለከተ፣ ከገለጻው በኋላ በቅሬታ ከማንሣት ይልቅ በዝግጅት ወቅት እንደ ሥራ ስምምነት ያቅርቡት፦ የሚጨመር ሐሳብ ክፍሉ እስኪያልቅ ይቆያል፣ ወዲያውኑ የሚታረመው ውሳኔን የሚያሳስት ስሕተት፣ ለምሳሌ የተሳሳተ አኃዝ፣ ብቻ ነው። አንድ ልምምዳችሁን በስልክ ቀርጻችሁ አብራችሁ ብታዩት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል፤ ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ራሱ ይሰማዋልና፣ እርስዎ ከሳሽ መሆን አይጠበቅብዎትም።

ለጥያቄና መልሱ ክፍለ ጊዜም እያንዳንዱ ባቀረበው ጉዳይ ላይ ቀድሞ እንዲመልስ ተስማሙ፤ ሌላው የሚናገረው ያልተነገረ ነገር ካለው ብቻ ነው። ጥያቄው የእርስዎ ሆኖ እርሱ ከቀደመዎት ግን አያቋርጡት፤ ሲጨርስ የጎደለውን አኃዝ ወይም ማስረጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምረው ወደሚቀጥለው ጠያቂ ይለፉ።