ክብሩ ለየትኛው ነው? ስለ ድሮዎቹ ትልልቅ የገጠር ሞተር ሳይክሎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ ሞተር ነጂዎች አለን። ከመካከላችን በደርግ ዘመን በመሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት ሞተር ሳይክል አጋሮን፣ ሊሙንና ጌራን ሲያካልሉ የኖሩ ጋሼዎች ይገኛሉ። ክርክራችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከድሮዎቹ ትልልቅ የገጠር ሞተሮች የሚበልጠው የትኛው ነው? ገሚሱ ያማሃ ኤክስቲ 500ን ያነግሣል፤ ገሚሱ ሆንዳ ኤክስኤል 500 ኤስ በሁሉም ነገር ያስከነዳዋል ይላል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ሁለቱም ከቴኔሬ 600 ፊት አይቆሙም ባይ ናቸው። አንድ ጋሼ ብቻ “ለጅማ ጭቃ ከ200 ሲሲ በላይ ምን ይሠራል?” እያሉ ሁላችንንም ይሞግቱናል። እኔን ክርክሩ ይበልጥ የሚነካኝ፣ አጎቴ ትተውልኝ ያለፉት ኤክስቲ 500 ለዓመታት ሳይነሣ ጋራዥ ውስጥ ስለቆመ ነው። እባክዎ ይዳኙን፤ ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት ማድረግ የሚገባኝንም ይንገሩኝ።

መልስ፦ ፍርዱን ሳላዘገይ ልስጥ። ክብሩ የሚገባው ለኤክስቲ 500 ነው፤ በሞተር አሠራር ብልጫው ግን የሆንዳው ነው። ክርክራችሁ መቋጫ ያጣው እነዚህ ሁለት ነገሮች እየተቀላቀሉ ስለሚነሡ ይመስለኛል። ፈር የቀደደ ሥራ ሁሉ ከተከታዩ የተሻለ መሆን የለበትም፤ የሚከበረው መንገዱን ስለከፈተ ነው።

ኤክስቲ 500 እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ብቅ ሲል፣ ከመንገድ ውጭ ለመንዳት የሚፈለጉት ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚነዳቸው ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነበሩ። ያማሃ ራሱ ስሙን የተከለው በእነዚህ ነበር። ባለ አራት ምት ባለ አንድ ፒስተን ትልቅ ሞተር የእንግሊዞች የቀድሞ ሙያ ተደርጎ ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ 499 ሲሲ የሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ዘይቱን በሻንሲው ቧንቧ ውስጥ የሚያኖር፣ ክብደቱም ከ140 ኪሎ ግራም ብዙም የማይርቅ ሞተር ሳይክል ለገበያ ማቅረብ ድፍረት ነበር። ጉልበቱ 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ በዛሬ ዓይን ብዙ አይደለም። የነዳው ሰው የሚያስታውሰው ግን ይህን ቁጥር አይደለም። ዳገት መሐል ማርሽ ሳይቀንሱ፣ ሞተሩ ዝግ ባለ ምቱ እየደለቀ፣ የኋላው ጎማ መሬቱን ሳይለቅ ሲወጣ የሚሰማውን ስሜት ነው። ጋሼዎቹ ሲያወሩት ዓይናቸው የሚበራው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እውነታቸውንም ነው።

ዝናውን ዓለም አቀፍ ያደረገው ግን በረሃው ነው። ፈረንሳዊው ቲዬሪ ሳቢን ያዘጋጀው የመጀመሪያው የፓሪስ–ዳካር ውድድር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1978 ከፓሪስ ትሮካዴሮ ሲነሣ፣ ሰሃራን አቋርጦ ዳካር ላይ በሞተር ሳይክል አሸናፊ የሆነው ሲሪል ኔቩ የነዳው ኤክስቲ 500 ነበር። በ1980ም ይኸው ሰው በይኸው ሞተር ደገመው። በ1981 ድሉን ኡበር ኦሪዮል በቢኤምደብሊው አር 80 ጂ/ኤስ ወሰደው፤ ይህ ወደ 800 ሲሲ የሚጠጋ፣ ሁለት ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ የተኙ፣ በካቴና ፈንታ በዘንግ የሚነዳ ፍጹም የተለየ ሞተር ሳይክል ነው። በ1982 ኔቩ ተመልሶ አሸነፈ፤ ያን ጊዜ ግን በሆንዳ ነበር። ስለዚህ “ኔቩ ያማሃን መረጠ” የሚለው የኤክስቲ ወገን ማስረጃ በሁለቱም በኩል ሊጠቀስ የሚችል ነው።

በ1979 ከተጠናቀቀው ከዚሁ የመጀመሪያ ውድድር አንድ ነገር ለ200 ሲሲው ጋሼ ላቀብላቸው። በሞተር ሳይክሎቹ ሦስተኛ የወጣው ፊሊፕ ቫሳር የነዳው 250 ሲሲ ሆንዳ ነበር። ግማሽ ጉልበት ይዞ፣ ሜዳ በሜዳ በሆነ በረሃ ውስጥ ከትልልቆቹ ጋር ተሰልፎ መድረስ ከተቻለ፣ በቡናው ጥላ ሥር ባለው ጠባብና ጠማማ መንገድማ ትንሹ ይበልጥ መከበሩ አይገርምም።

አሁን ወደ ሆንዳው። ኤክስኤል 500 ኤስ በ1979 የመጣው ያማሃው ያልፈታቸውን ችግሮች በሚገባ አጥንቶ ነው። ኤክስቲ ሁለት ቫልቭ ሲኖረው ይህ አራት አለው። ኤክስቲ የፒስተኑን ንዝረት በቀጥታ ለነጂው እጅና እግር ሲያስተላልፍ፣ ሆንዳው ከኮሎው (የፒስተኑን ምት ወደ ዙር ከሚለውጠው ዘንግ) ጋር አብረው የሚዞሩ ሁለት ማመዛዘኛ ዘንጎች ስላሉት ረጅም መንገድ ላይ መዳፍ አያደነዝዝም። ሲነሣም እመቃውን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር) የሚያስተነፍሰው ስልት ከመርገጫው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነጂው የተለየ ጥበብ አይጠየቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ በሚዛን ለሚመለከት መካኒክ ፍርዱ አያስቸግርም። የሆንዳው ጉድለት የፊት ቸርኬው 23 ኢንች መሆኑ ነው። ትልቅ ጎማ ድንጋይና ጉድጓድን በቀላሉ ይሻገራል በሚል የተመረጠ ቢሆንም፣ ሆንዳ ራሱ በ1982 በመጣው ኤክስኤል 500 አር ላይ ወደተለመደው 21 ኢንች ተመልሷል።

ቴኔሬን በተመለከተ ወጣቶቹ ትክክለኛውን ሞተር ለተሳሳተ ክርክር አምጥተውታል። በ1983 የወጣው የያማሃ ኤክስቲ 600 ዜድ ቴኔሬ 595 ሲሲ፣ አራት ቫልቭ፣ የፊት ዲስክ ፍሬንና ከሁሉም በላይ 30 ሊትር የሚይዝ ሰርባትዮ ያለው፣ ስሙንም በኒጀር ካለው የሰሃራ ክፍል የወሰደ የረጅም ጉዞ ሞተር ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ ቴኔሬ አዲስ አበባ ደርሶ ነዳጅ ሳይቀዳ የመልሱን መንገድ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል፤ ሰርባትዮው 9 ሊትር የማይሞላው ኤክስቲ 500 ግን ወልቂጤ መድረሱም ያጠራጥራል። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ቤንዚን ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የሚቀመጠውም ከፍ ብሎ ነው። ክረምት ገብቶ ቀዩ አፈር ሲቦካና ጎማው ጥርሱ በጭቃ ተደፍኖ ልሙጥ ሲሆን፣ ይህ ክብደት መሪውን አንዴ ካጋደለው በእግር ደግፎ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ለሥራ፣ በተለይ ብቻውን ለሚሄድና ሞተሩ ሲወድቅ የሚያነሣለት ሰው ለማያገኝ፣ የጋሼው ቃል የማያሻማ ነው። እርሳቸው የሚናገሩት ስለ ሥራ ነው፤ እናንተ የምትከራከሩት ግን ስለ ፍቅር ነው፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ጅማ ላይ የሚነሣ አንድ ነገር ደግሞ በክርክራችሁ አልተጠቀሰም፤ እርሱም ከፍታ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ በዚያው ልክ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። 30 የነበረው ወደ 25 ይወርዳል ማለት ነው። ካርቡሬተሩ ከፋብሪካ በወጣበት ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን በሚወስነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ከቀጠለ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። መፍትሔው አንድ ደረጃ አነስ ያለ ጂግለር ነው፤ ነገር ግን ለአዲስ አበባ ከፍታ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ወደሚለው የጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ከሚገባው በላይ ይግላል። “ትልቅ ሞተር ጊቤ ላይ ይደክማል” የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ለጅማ የተስተካከለው መካከለኛ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ያስኬዳል።

ወደ አጎትዎ ሞተር ልመለስ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ደብዳቤዎን ሳነብ የፈራሁት አንድ ነገር ቢኖር ጓደኞችዎ ተሰብስበው በጉጉት መርገጫውን እንዳይመቱት ነው። ለዓመታት የቆመ ሞተር የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ በጉልበት ሲመታ ሲሊንደሩ ይቧጨራል። አስቀድመው ካንዴላውን ይፍቱ፤ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምረው ያሳድሩ፤ በማግስቱ ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ በእጅ በማዞር ፒስተኑ መላቀቁን ያረጋግጡ። ያረጀውን ቤንዚን ከሰርባትዮውም ከካርቡሬተሩም ያፍስሱ፤ ሰርባትዮው ውስጡ ከዛገ ካልጸዳ በቀር አዲስ ቤንዚን አይጨምሩበት። ፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን መገናኛ) በጣም በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት አብሰው ክፍተቱን ያስለኩ። የዚህ ሞተር ትልቁ ጸጋ እዚህ ላይ ነው፤ እሳቱን የሚያገኘው ከራሱ ማግኔት ስለሆነ ባትሪው ቢሞትም ይነሣል፤ ችግሩም በዓይን ታይቶ በእጅ ይጠገናል።

በዘይቱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዘይቱ የሚኖረው በሻንሲው ቧንቧ ውስጥ ሲሆን፣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወደ ሞተሩ ሆድ ይሰርጋል። ባለቤቱ ከመሪው በስተኋላ ያለውን ክዳን ከፍቶ በመለኪያው ሲያይ ጎድሎ ያገኘዋል፤ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲነሣም ዘይቱ በየጓርኒሲዮኑ (በየመጋጠሚያው ማሸጊያ) ይፈሳል። ስለዚህ አሮጌውን ከሁለቱም ቦታ አውጥተው አዲስ ከሞሉ በኋላ፣ መጠኑን የሚለኩት ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ በተነሣ ጊዜ ወደ ቴስታታው (ወደ ሲሊንደሩ ክዳን) የሚወጣውን የዘይት ቱቦ ቡሎን በትንሹ አላልተው ዘይት መድረሱን ያረጋግጡ፤ ካልደረሰ ወዲያው ያጥፉት።

አነሣሡም ሥርዓት አለው፤ ጋሼዎቹ ሳያውቁት አይቀሩም። በግራ እጅ በኩል ያለችው ትንሽ ማንሻ ስትጨበጥ የጭስ መውጫውን ቫልቭ ከፍታ እመቃውን ታስተነፍሳለች። እርሷን እንደያዙ መርገጫውን በቀስታ ይጫኑ፤ በቴስታታው ቀኝ ጎን ባለችው ትንሽ መስታወት ውስጥ ምልክቱ ብቅ ሲል ያቁሙ። ማንሻውን ይልቀቁ፤ መርገጫው ወደ ላይ ይመለስ፤ ከዚያ ነዳጅ ሳይሰጡ አንዴ በሙሉ ክብደትዎ እስከ ታች ይምቱት። በግማሽ ልብ የመታውን ሰው መርገጫው መልሶ ይመታዋል፤ ቁርጭምጭሚት የጎዳበት ነጂ ታሪክ የሚሰማውም ከዚህ ነው።

እንደ ፋብሪካው ልመልሰው ወይስ ላሻሽለው ብለው ቢያስቡ፣ የመብራቱ 6 ቮልት ወደ 12 ቢቀየር አልቃወምም፤ ማታ ማየት ያስፈልጋል። ሻንሲውን ግን እባክዎ ለብየዳ አይስጡት። የዕቃ መጫኛ ለመግጠም ቧንቧውን የሚበሳና የሚበይድ ሰው የሚበሳው የዘይት ማኖሪያውን ነው፤ ከብየዳው የሚረግፈው ብናኝም ውስጥ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል። አዲስ መለዋወጫ ለኤክስቲ 500 በአውሮፓ፣ በተለይም በጀርመን፣ ዛሬም ይሠራለታል፤ ሻንሲው ከተበላሸ ግን የሚተካው ከሌላ አሮጌ ሞተር ብቻ ነው። እንዳይሸጡትም እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፈው። ከላይ የጠቀሳችሁት ዓይነት ኤክስኤል 500 ኤስ አለኝ፤ ለ23 ኢንቹ የፊት ቸርኬ ጎማ አጣሁ። ወደ 21 ብቀይረው ሞተሩን አበላሸዋለሁ?

መልስ፦ አያበላሹትም። ያለውን መሐከለኛ እምብርት ሳይቀይሩ 21 ኢንች ቸርኬ በተገቢው ርዝመት ሽቦ ማሰራት ይቻላል፤ ሽቦ የመወጠር ልምድ ያለው ሰው ይሥራው እንጂ፣ ያልተመጣጠነ ውጥረት ቸርኬውን በመጀመሪያው ጉድጓድ ያጣምመዋል። የፊቱ ክፍል 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል መሪው ከቀድሞው ፈጠን ብሎ ይታዘዛል፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይወዱታል፤ ቁልቁለት ላይ ግን እስኪለምዱት ረጋ ይበሉ። የፍጥነት መለኪያው የሚነዳው ከፊት ጎማ ስለሆነ ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የተጓዙትንም ኪሎ ሜትር አብዝቶ ይቆጥራል። ነዳጅዎን በኪሎ ሜትር ቆጥረው የሚቀዱ ከሆነ ይህን ያስቡበት። 23 ኢንቹን ቸርኬ ግን ቀለል ያለ ዘይት ቀብተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ ጎማው የተገኘ ዕለት መልሰው ይገጥሙታል።