እርጎ በቤት ውስጥ፦ በአነስተኛ ወጪ ስለማርጋት ጥያቄና መልስ

ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቼ ዛሬ በሰፈሬ አነስተኛ ወተት ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ወተቱን ገዝተው ሲወጡ በር ላይ የሚጠይቁኝን ጥያቄ ሁሉ እዚህ ጠይቁኝ፤ የምችለውን እመልሳለሁ።

እትዬ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ከሱቅ የምገዛው እርጎ ሳይመሽ ያልቃል። ቤት ውስጥ ማርጋት በእውነት ያዋጣል ወይስ ትርፉ ድካም ነው?

ያዋጣል፣ እህቴ። ከአንድ ሊትር ወተት አንድ ሊትር ያህል እርጎ ይገኛል። ስሌቱን ራስሽ ሥሪው፦ የአንዱን ኩባያ ዋጋ ላዩ ላይ ለተጻፈው ግራም አካፍለሽ በ1,000 አባዢና ከአንድ ሊትር ወተት ዋጋ ጋር አስተያዪው። ለኩባያውና ለክዳኑ ስንት ስትከፍዪ እንደኖርሽ ያኔ ይታይሻል። እርጎ ማርጊያ ማሽን ልሽጥልሽ የሚል ቢመጣ ግን በትሕትና አሰናብቺው። ድስት፣ ክዳን ያለው ዕቃና አንድ ጋቢ ይበቃሻል።

አሠራሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩን።

ወተቱን እያማሰላችሁ ሊገነፍል እስኪል አሙቁት፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ቴርሞሜትር ያለው 85 ዲግሪ ሴልሺየስን ይጠብቅ። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ውኃ እንኳ የሚፈላባት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ ወተቱ ዳር ዳሩን አረፋ ይዞ መነሳት ከጀመረ በቂ ሙቀት አግኝቷል። ይህ ጀርም ለመግደል ብቻ አይደለም። በአጓት ውስጥ የሚቀረው ፕሮቲን በሙቀት ቅርጹን ለውጦ ከሌላው የወተት ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ እርጎው ውኃውን አይለቅም። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለውና «እርጎዬ ቀጠነ» ብሎ ይመጣል።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው፤ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚህ ላይ ነው። የምትፈልጉት ከ43 እስከ 45 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ በሳሙና በደንብ የታጠበች ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ረጋ ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አሥር ሳይሞላ አቃጥሏችሁ ካወጣችኋት ገና ነው፤ ሙቀቱ ጭራሽ ካልተሰማችሁ አልፏል። እርጎ የሚያረጉት ሁለት ባክቴሪያዎች፣ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስና ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ፣ ሙቀት ይወዳሉ፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ይሞታሉ። የመጀመሪያው ስሙን ያገኘው ከቡልጋሪያ ነው፤ ጄኔቫ ይማር የነበረው ቡልጋሪያዊው የሕክምና ተማሪ ስታመን ግሪጎሮቭ በ1905 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአገሩ እርጎ ውስጥ ስላገኘው ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ ማለትም ስኳርና ጣዕም ያልገባበት እርጎ፣ በጥቂት ለብ ያለ ወተት በጥብጡና ጨምሩት። በፈላ ውኃ በተለቀለቀ ዕቃ ገልብጡ፣ ክደኑ፣ በጋቢ ጠቅልሉ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ አትነካኩት። እየከፈታችሁ «ረጋ ወይ?» ብላችሁ ብትነቀንቁት ይሰበራል። ሲረጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት።

መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል፤ ማቀዝቀዣም የለንም።

ለማርጋቱ መብራት አያስፈልግም። ፔርሙዝ ካላችሁ ከጋቢውም ይሻላል፤ በፈላ ውኃ አሙቁት፣ ውኃውን ድፉ፣ ወተቱን ገልብጡበት። ማቀዝቀዣ ለሌለው ምክሬ በቀን የሚበላውን ያህል ብቻ ማርጋትና ከዚያው ላይ ለነገ እርሾ ማስቀረት ነው።

ሁሉንም እንዳሉት አድርጌ ወተቱ ወተት ሆኖ አደረ። ምን አጠፋሁ?

ምናልባት ምንም። እርሾሽ አርጅቶ ወይም ተቃጥሎ ካልሆነ ወተቱን ጠርጥሪ። ላሟ ጡቷ ታሞ መድኃኒት ከተወጋች ፀረ ባክቴሪያው ወደ ወተቱ ይገባል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። ያ ወተት እርሾውን ይገድለዋል። ከአንድ ሰው የምትገዢ ከሆነ ፊት ለፊት ጠይቂው። ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ደግሞ ይረጋል፣ ግን እንደ ሾርባ ይቀጥናል። ለእሱ የወተቱን ጥግግት (ከውኃ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱን) የምትለካ ላክቶሜትር የምትባል ርካሽ መሣሪያ አለች፤ ንጹሕ የላም ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ1.028 እስከ 1.033 ያነብባል።

ልጄ፣ እኛ ቅሉን በወይራ አጥነን ጥሬውን ወተት እናስቀምጥ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን የሚያምር እርጎ ነው። ይህ ሁሉ ማፍላት ከየት መጣ?

እማማ፣ የእርስዎ እርጎ ጣዕም ላይ ክርክር የለኝም። የወይራው ጭስም ለሽታ ብቻ ሳይሆን የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። ችግሩ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ መቻሉ ነው፤ መኮምጠጡ እነዚህን ለመግደሉ ዋስትና የለም። ሁለቱን ያስታርቋቸው፦ ወተቱን ያፍሉ፣ ያብርዱ፣ ከዚያ በታጠነው ቅል ውስጥ ያድርጉት። ሲፈላ የራሱ እርሾ ስለሚሞት ግን እርሾ መጨመር አይርሱ።

የምኖረው አሜሪካ ነው። የሱቁ እርጎ የአገር ቤቱን አይመስልም።

አይመስልም፣ ወንድሜ፤ ባክቴሪያው የተለየ ነው። የእኛ እርጎ የሚረጋው በቤት ሙቀት ነው፤ የሱቁ ግን ትኩስ ሆኖ ነው። በየሱቁ «ከልቸርድ በተርሚልክ» ተብሎ የሚሸጠውን ግዛ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ወተት ላይ በሊትር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምረህ፣ ሳትጠቀልለው፣ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ያህል አቆየው። ወይራውን መስጠት አልችልም፤ ጣዕሙ ግን ይቀርብልሃል።

በዱቄት ወተት ይሆናል?

ይሆናል። ለአንድ ሊትር ውኃ 125 ግራም ያህል ቅባቱ ያልወጣለት የወተት ዱቄት ይበቃል። በፈሳሽ ወተት ላይም ሁለት ሦስት ማንኪያ ብትጨምሩ እርጎው ይወፍራል፤ ይህ በጨርቅ ከማጥለል ይረክሳል፣ የሚወጣ አጓት የለምና።

አንዱን እርሾ ስንት ጊዜ ልጠቀም?

በሳምንት ውስጥ እስካደሳችሁት ድረስ ደጋግማችሁ። በጣም ከኮመጠጠ ወይም እንደ ልጥ ከተሳበ አዲስ ግዙ። ሻጋታ ካያችሁ ላዩን ጠርጋችሁ አትብሉ፤ ሁሉንም ጣሉት።

ለሕፃን ይሰጣል?

ስድስት ወር ከሞላው በኋላ ከሌላ ምግቡ ጋር፣ ስኳር ሳይገባበት። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መመረዝ ያመጣል።

ጾም ሲገባ ወተት ይረክሳል ይባላል፤ እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ፈላጊው ስለሚቀንስ ላም ያላቸው ሰዎች ገዢ ያጣሉ። ልጆች ላሉት ወይም ለማይጾም ቤተሰብ በቀጥታ ከአምራቹ ጋር ለመዋዋል ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዋጋው ሲወጣም ደንበኝነቱ ይቀጥላል።

ሁለት ሊትር እርጎ ከልክ በላይ ኮመጠጠብኝ። ልድፋው?

ኧረ በፍጹም! በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ጣጂው፣ አታማስዪው፣ እንዲፈላም አትፍቀጂ። አይቡ ተሰብስቦ አጓቱ ጥርት ሲል አውርደሽ ይብረድ፤ ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልዪው። ጎመን ካለ እራትሽ ደረሰ። አጓቱን ደግሞ ዳቦ ስታቦኪ በውኃ ፈንታ ተጠቀሚበት።