ነጭ ቀለም ላይ ቢጫ እድፍ የሚወጣው ለምንድን ነው?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ የመለስኩት ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ብዙዎች ስለሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ባለ አራት መሳቢያ ቁምሳጥን አለኝ። እንጨቱ ከበድ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ቫርኒሹ ስለጠቆረብኝ ሳይፈገፈግ ይቀባል የሚባለውን የጠመኔ ቀለም፣ ነጩን፣ ገዝቼ ሞከርኩ። ማታ ሁለት እጅ ቀባሁት፤ ሲደርቅ በጣም ያምር ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን ሻይ የተደፋበት ይመስል ቢጫና ሮዝ እድፍ ወጥቶበታል። ሦስተኛ እጅ ጨመርኩ፤ እድፉ ተመልሶ መጣ። ከላይኛው ገጽ አንደኛው ጥግ ላይ ደግሞ ቀለሙ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል እንጂ አይዝም። ቀለሙ ነው የማይረባው ወይስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ? ሁሉንም ፍቄ ልጀምር? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መፋቂያውን መልሺው። ቀለሙ ደህና ነው፤ አንቺም ብዙ አላጠፋሽም። እድፉ የመጣው ከእንጨቱ ነው።

ማሆጋኒ፣ ኦክና የመሳሰሉት ጠቆር ያሉ እንጨቶች ታኒን የሚባል ነገር በብዛት አላቸው፤ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ያው ታኒን ነው። ታኒን በውሃ ይሟሟል። የጠመኔ ቀለም ደግሞ በውሃ የተበጀ ነው። ስትቀቢው ውሃው ባረጀውና በተሰነጣጠቀው ቫርኒሽ አልፎ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ ታኒኑን ያሟሟል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ውሃው እየተነነ ወደ ላይ ሲወጣ ታኒኑን ጎትቶ ያመጣና ገጹ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ማታ ያላየሽውን ጠዋት ያየሽው ለዚህ ነው። ሦስተኛውን እጅ ስትደርቢ ለታኒኑ አዲስ ውሃ ሰጠሽው ማለት ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት በልጄ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ጥድ ነበር፤ ነጭ እንዲሆንላት ፈልጋ ስለነበር በአንድ ቅዳሜ አራት እጅ ቀባሁላት። በሳምንቱ እያንዳንዱ የእንጨት ጉጥ ቡናማ ዓይን ሆኖ አፈጠጠብኝ። አምስተኛ እጅ ቀባሁ፣ ስድስተኛም ቀባሁ። የጥዱ ጉጥ የሚያወጣው ሙጫና የአንቺ እንጨት የሚያወጣው ታኒን ይለያያሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ ሆኖ አገኘሁት።

መድኃኒቱ ሼላክ ነው። ሼላክ ላክ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ ከምታመነጨው ሙጫ ይሠራል፤ የሚሟሟውም በአልኮል እንጂ በውሃ አይደለም። ስለዚህ ስትቀቢው ታኒኑን አያነቃውም፤ ሲደርቅ ደግሞ በእንጨቱና በቀጣዩ ቀለም መካከል ግድግዳ ይሆናል። ስትገዢ ሰሙ የወጣለት መሆኑን ጠይቂ፤ ሰም ያለበት ከሆነ በላዩ የሚመጣው ቀለም በደንብ ላይዝ ይችላል። አሁን ያለውን ቀለም ማንሳት አያስፈልግሽም። በቀለሙ ላይ መጨረሻ የሚቀባውን መከላከያ ሰም ገና አልቀባሽውም አይደል? ጥሩ። በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ገጹን ቀለል አድርገሽ አሻሺው፣ አቧራውን በደንብ ጥረጊ፣ ከዚያ ሁለት ስስ እጅ ሼላክ። አንዱ እጅ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርቃል። መስኮት ክፈቺ፤ አልኮሉ ይሸታል፣ እሳትም በቀላሉ ይይዛል፤ ምድጃም ሻማም አጠገብሽ አይኑር። በማግስቱ ነጩን ቀለም መልሰሽ ቅቢ። የመጀመሪያውን እጅ ቀብተሽ ግን አንድ ሌሊት አሳድሪው። ጠዋት ላይ አሁንም ጥላ የሚመስል ነገር ካየሽ፣ በዚያ ቦታ ብቻ ሌላ እጅ ሼላክ ድገሚ።

ቀለሙ የሚሸሽበት ጥግ ሌላ ታሪክ አለው። ያ ክብ ክብ ነገር የዓሣ ዓይን ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሲሊኮን ካለበት የዕቃ ማንጸባረቂያ ነው። እናትሽ ለዓመታት ይህን ቁምሳጥን በማንጸባረቂያ ሲወለውሉት ኖረው ይሆናል፤ ምናልባትም የሚወዱት ነገር ከዚያ ጥግ ላይ ይቀመጥ ነበር። እዚህ ቦታ ላይ ያልያዘውን ቀለም አንሺ። ከዚያ ከመፈግፈግሽ በፊት በአኳራጅ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጥረጊ፣ ጨርቁን ለውጪ፣ እንደገና ጥረጊ፤ ሦስትና አራት ጨርቅ ቢሄድ አትሳሺ። ቅደም ተከተሉ የግድ ነው፤ ሳይጸዳ የተፈገፈገ ሲሊኮን ይበልጥ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ይገፋል። ሲጸዳና ሲደርቅ ፈግፍጊው፣ ሼላኩን ከሌላው ገጽ ጋር አብረሽ ቅቢ።

“ሳይፈገፈግ ይቀባል” ስለተባለው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ይህን ቀለም እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው አኒ ስሎን የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አምራቾች በየራሳቸው መንገድ አምሳያውን ሠርተዋል። ቀለሙ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት በብዛት አለ፤ ከዱቄቱ ጋር ሲነጻጸር አጣባቂው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሲደርቅ አያብረቀርቅም፣ እጅ ሲነካው ለስላሳና ደረቅ ነው፤ ቀዳዳም ይበዛዋል። ከሌላው ቀለም ይልቅ ሻካራ ባልሆነ ገጽ ላይ እንኳ ይዞ ይቀራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መፈግፈግ አያስፈልገውም ማለት መታጠብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ቅባትና ማንጸባረቂያ ላይ የሚይዝ ቀለም እኔ እስካሁን አላየሁም። መሳቢያው በእጅ የሚሳብበት ቦታ፣ እጀታው ዙሪያ፣ የዓመታት የእጅ ላብ አለ፤ እዚያ ላይ የተቀባ ቀለም በሁለት ወር ውስጥ በጥፍር ይነሳል። እኔ ሁልጊዜ እጀታዎቹን በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣለሁ፣ በሳሙና ውሃ አጥባለሁ፣ በንጹሕ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ከዚያ በ220 ቀለል አድርጌ አሻሻለሁ። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው።

ደግሞም ከእንግዲህ አዲስ ዕቃ ስትጀምሪ ቀለሙን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሪው። የመሳቢያው ውስጠኛ ግድግዳ ወይም የቁምሳጥኑ ጀርባ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ። ቅቢና አሳድሪው። እድፍ የሚያወጣ እንጨት በዚያ ሌሊት ራሱን ያሳያል።

ሰሙን ስትቀቢ አታብዢ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እንደ ክሬም ይለቀልቀዋል፣ ከዚያ ለወር ያህል ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። በጨርቅ ጥቂት ወስደሽ ቀለሙ ውስጥ እስኪገባ አሺው፣ ትርፉን በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሺ። ጣትሽን ስትጎትቺበት መስመር የማይቀር ከሆነ በቂ ነው። ሰሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር እስከ 3 ሳምንት ስለሚወስድ እስከዚያ ከባድ ነገር አትጫኚበት፣ በእርጥብ ጨርቅም አትጥረጊው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሰም ሙቀት አይችልም፤ ትኩስ ስኒ የሚያርፍበት ገጽ ከሆነ በሰም ፋንታ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ቅቢ። አንዱን ምረጪ፤ ሰም የተቀባ ገጽ ላይ ቫርኒሽ አይዝም። ዘይት ያለበትን ቫርኒሽ ደግሞ በነጭ ቀለም ላይ አልመክርሽም፤ እያደር ቢጫ ይሆናል፤ ከእድፉ ሸሽተሽ መልሰሽ ቢጫ ውስጥ መግባት ይሆንብሻል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብሽ። አንዳንድ ሰሞችና ማሳመሪያዎች የተልባ ዘይት አለባቸው። በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ እየደረቀ ሲሄድ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ክብሪት ሳይነካው በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ጨርቁን ውጭ፣ ዘርግተሽ፣ አንድ በአንድ አድርቂው፤ እስኪደርቅና እስኪጠነክር ድረስ ቤት ውስጥ ወዳለ ቆሻሻ መጣያ አትወርውሪው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት የጽሕፈት ጠረጴዛ አለ። ልጆቼ “በወተት ቀለም እንቀባልህና አዲስ ይሁን” ይሉኛል። እኔ ልቤ አልቆረጠም። የወተት ቀለም የሚባለው ምንድን ነው? ቢቀባስ ኋላ ይለቃል?

መልስ፦ አባቴ፣ ልብዎ አለመቁረጡን እኔም እጋራዎታለሁ።

የወተት ቀለም ስሙ እንደሚለው ከወተት የሚወጣ ኬዚን የተባለ ፕሮቲን፣ ኖራና የቀለም ዱቄት ተቀላቅሎ የሚሠራ በጣም የቆየ ቀለም ነው። በዱቄት ይሸጣል፤ በውሃ ይበጠበጥና በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ወተት ነውና ይበላሻል። ምንም ያልተቀባ እንጨት ካገኘ ውስጡ ሰርጎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አይላጥም። የእርስዎ ጠረጴዛ ቫርኒሽ ካለበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀለሙ በዘፈቀደ እየተሰነጠቀ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ሆኖ ይረግፋል። ያንን መልክ ሆን ብለው የሚወዱ ሰዎች አሉ። ለሚጻፍበት ጠረጴዛ ግን የሚሆን አይመስለኝም። ልጆችዎ ቫርኒሹን ፍቀው ከቀቡት ደግሞ በእንጨቱ ሥር ሥር የገባው ቀለም መቼም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ አባትዎ የሚያውቁት ጠረጴዛ አይመለስም።

ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ይህን ይሞክሩልኝ። ከጠረጴዛው በታች፣ በማይታይ ቦታ፣ ጥጥ በአልኮል ነክረው አንድ ደቂቃ ያህል ይያዙበት። ገጹ ከለሰለሰና ጣት ላይ ከተጣበቀ አሮጌው ማሳመሪያ ሼላክ ነው፤ ይህ ከሆነ ደስ ይበልዎ። ሼላክ ከዘመናት በኋላም በአልኮል ይለሰልሳል። ጠረጴዛውን አጽድተው፣ ለስላሳ ብሩሽ በአልኮል እርጥብ አድርገው በቀስታ ቢያስኬዱበት ጭረቱና መሰነጣጠቁ እርስ በርሱ ይገጥማል፤ ከዚያ አንድ ስስ እጅ አዲስ ሼላክ ይበቃዋል። እኔ አንድ ወንበር እንዲህ አድርጌ ከታች የተቀበረው የእንጨቱ መስመር ብቅ ሲል ያየሁ ቀን ሥራዬን ትቼ ለረጅም ሰዓት ስመለከተው ቆየሁ።

አልኮሉ ምንም ካላደረገው ቫርኒሽ ወይም ሌላ ነገር ነው። ያኔም በሳሙና ውሃ ቀስ ብለው አጥበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት ሰም ቀብተው አንድ ወር ይዩት። ከወር በኋላ አሁንም ካልወደዱት ለልጆችዎ ይስጧቸው፤ በዚያን ጊዜ አልቃወምም።

ከቫርኒሹ ሥር አሮጌ ቀለም ካገኙ ግን በደረቁ እንዳይፈገፍጉት። የጥንት ቀለሞች ብዙዎቹ እርሳስ የተባለው ብረት ነበረባቸው፤ አሜሪካ እንኳ ለቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አቧራው በተለይ ለሕፃናት አእምሮ አደገኛ ነው፤ ለእርሳስ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ ዝቅተኛ መጠን የለም። የልጅ ልጆች ካሉዎት ሳይመረመር አይንኩት።

ጥያቄ፦ የጠመኔ ቀለም ውድ ስለሆነብኝ የግድግዳ ቀለም ከጀሶ ጋር ቀላቅዬ ራሴ ሠራሁ። በሁለተኛው ቀን ጣሳው ውስጥ ያለው ሁሉ ድንጋይ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጀሶ ውሃ ሲያገኝ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ነው። ጣሳውን ብትከድነውም ባትከድነውም ይጠነክራል። ሐሳብህ ግን ጥሩ ነው። በጀሶው ፋንታ የጠመኔ ዱቄት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ተጠቀም፤ እሱ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ ስለዚህ አይጠነክርብህም። ዱቄቱን በቀጥታ ቀለሙ ውስጥ አትበትነው፤ ይጓጉላል። መጀመሪያ በትንሽ ውሃ እንደ ቀጭን ሊጥ በጥብጠው፣ ከዚያ ወደ ቀለሙ ጨምርና አማስል። አፍህንና አፍንጫህን ሸፍን፤ ዱቄቱ ደቃቅ ነው። አደራ ደግሞ አታብዛው፤ ዱቄቱ ከልክ ካለፈ ቀለሙን የሚይዘው አጣባቂ ያንሰዋል፣ ሲደርቅ እጅህ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቀብተህ ሲደርቅ በመዳፍህ ፈትገው። መዳፍህ ከነጣ ቀለም ጨምርበት።