ቴስታታውን ከማስወረድህ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እየው

አንድ የአዳማ ልጅ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ የ1995 ሞዴል ሃይሉክስ ፒካፕ በርካሽ ገዛሁ፤ ሞተሩ 3 ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው። ከአዳማ ብሎኬት እየጫንኩ ኢተያ እመላለሳለሁ። ከተማ ውስጥ የሙቀት መርፌው ንቅንቅ አይልም። ደራን አልፌ ዳገቱን ስይዝ ግን ይወጣል፤ ስቆም ራዲያተሩ ይንዶቀዶቃል፣ በመጠባበቂያው ፕላስቲክ በኩል ውሃ ይተፋል። ጠዋት ራዲያተሩ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ጎድሎ አገኘዋለሁ፤ ፕላስቲኩ ግን ሙሉ ነው። የራዲያተሩ የላይኛው የውሃ ጎማ ተጨፍልቆ ያድራል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፤ አልተሻለውም። አሁን ደግሞ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ስለ ጎማው ባትነግረኝ ኖሮ እኔም ወደ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) እና በሞተሩ አካል መሃል ወዳለው ማሸጊያ፣ እሄድ ነበር። ጓርኒሲዮን ሲቃጠል የሲሊንደሩ ጋዝ ውሃው ውስጥ ስለሚገባ ጎማው አብዛኛውን ጊዜ ተወጥሮ ያድራል እንጂ አይጨፈለቅም። ያንተ ጎማ ተጨፍልቆ የሚያድረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተፋውን ውሃ መልሶ መምጠጥ ስላቃተው ነው። ራዲያተሩ ጎድሎ ፕላስቲኩ መሙላቱም ይህንኑ ይናገራል። የእኔ ጥርጣሬ የራዲያተሩ ክዳን ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል፦ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ያንን ክዳን አትንካ። በጨርቅም፣ በጓንትም፣ «ትንሽ ብቻ ላላላው» ብለህም አትንካ።

ክዳን ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ለምትለው፣ ይህችን ሳላስረዳ አላልፍም። ጋራዥ ያሉት ልጆች «ደግሞ ጀመሩ» ይሉኛል። ንፍሮ አዳማ ከሚበስልበት ይልቅ አሰላ እንደሚዘገይ እናትህ ታውቃለች። ምክንያቱ እሳቱ አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አሰላ ከ2400 ሜትር ላይ ናት፣ እዚያ 92 ገደማ ይሆናል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ውሃውን ከላይ የሚጫነው ነገር ያንሳል፣ ቶሎ ይፈላል። አሁን ወደ ሞተርህ ና። ብሎኬት ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ናፍጣ ሞተር ውሃውን 95 እና 100 ዲግሪ ቢያደርሰው ምንም አልሆነም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ክዳኑ ካልያዘ ግን በዚያው ሙቀት ውሃው ይፈላብሃል፤ በዚያ ላይ አንተ ከፍ እያልክ በሄድክ ቁጥር የሚፈላበት ዲግሪ ወደ ታች እየወረደ ይመጣል። አናቱ ላይ 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት ልክ ነው) ጤነኛ ክዳን በስፕሪንጉ ውሃውን ተጭኖ ይይዝና አዳማ ላይ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። እነዚህን 20 ዲግሪዎች የሚሰጥህ ያ ትንሽ ቆርቆሮ ነው! ፈልቶ አረፋ የሆነ ውሃ ደግሞ ብረት አያቀዘቅዝም፤ መርፌው የሚወጣው ያኔ ነው። ከተማ ውስጥ ደህና የምትሆነው ውሃው እዚያ ዲግሪ ስለማይደርስ ነው።

በክዳኑ መሃል ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለች። ሥራዋ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍታ ከፕላስቲኩ ውሃ መልሳ ማስገባት ነው። ያንተዋ ተጣብቃለች ብዬ እገምታለሁ።

ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፍታው። የመሃሏን ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርጋት፦ ተከፍታ ስትለቃት ተመልሳ ካልገጠመች ጣለው። የጎማ ቀለበቱ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀም ጣለው። የራዲያተሩን አፍ በጣትህ ዳብሰው፤ ከተጣመመ ወይም ዝገት ከያዘ አዲስ ክዳንም አይዝም። ወደ ፕላስቲኩ የምትሄደውን ቀጭን ጎማም እያት። በቦታዋ ለስላሳ የውሃ ላስቲክ የተገጠመባቸው ብዙ መኪናዎች አይቻለሁ፤ ስትተፋ ደህና ናት፣ ስትመጥ ግን ትጣበቃለች።

አዲስ ክዳን ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድና የአንገቱን ርዝመት አስተያይ። ገበያው ውስጥ 0.9 ታትሞባቸው ስፕሪንጋቸው በሁለት ጣት የሚታጠፍ ክዳኖች ሞልተዋል፤ ያንን ከምትገዛ የድስት ክዳን ብትከድን ይሻላል። ደህናውን በሁለት አውራ ጣት ስትጫነው ይታገልሃል።

ቴርሞስታቱን፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍትለትን ቫልቭ፣ አውጥቶ መጣል የሰፈራችን በሽታ ነው። መኪና ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው፤ ትኩሳት የያዘውን ሰው ሸሚዝ እንደማውለቅ። ሁለት ዲስክ ያለው ዓይነት ከነበረ የታችኛው ዲስክ ውሃ ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ የሚዘጋው እሱ ነበር። እሱ ሲወጣ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል፣ ዳገት ላይም ይብስብሃል። 82 (መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ) የተጻፈበት ገዝተህ መልስ፤ ትንሿ የአየር ማስወጫ ወደ ላይ ትሁን። ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተህ መከፈቱን እይ።

በዚያው እጅህ ራዲያተሩን ከውጭ እጠበው። የአዳማ ነፋስ አቧራ፣ የኢተያ መንገድ ደግሞ የስንዴ ገለባ ክንፎቹ መሃል ይጠቀጥቅበታል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ ውሃ፤ የመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ ውሃ ክንፎቹን ያስተኛቸዋል። የራዲያተር መድፈኛ ፈሳሽ ጨምሮበት እንደሆነም ያንን መካኒክ ጠይቀው። ጨምሮበት ከሆነ ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ቀጫጭን ቧንቧዎቹንም ደፍኖልሃልና በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠብ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙላ። ፈሳሹ መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ይጣፍጣል፤ የተረፈህን በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጥ፣ ልጅ ይጠጣዋል።

ጓርኒሲዮኑ አሁንም ካሳሰበህ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ሞተር ክዳኑን አውልቀህ አስነሣና ውሃውን ተመልከት። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፣ እሱ ግድ የለም። አረፋው ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ወይም ክዳኑ ተገጥሞ በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ያኔ መካኒክህ ልክ ነው፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቴስታታው ሲወርድም ስንጥቅ እንዳለው ሳይታይ አዲስ ጓርኒሲዮን እንዳትገጥም፤ እነዚህ ሞተሮች ደጋግመው ከሞቁ ቴስታታቸው ይሰነጠቃል።

ዳገት ላይ እንደገና ቢሞቅብህስ? ማርሽ ቀንስ፣ ጥግ ያዝ፣ ወዲያው አታጥፋው፤ ውሃው ካልፈሰሰ በቀር ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይዙር። ከዚያ አጥፋና ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቅ። ክዳኑን አትንካ! ከ95 ዲግሪ በላይ ያለ ውሃ ክዳኑ ይዞት ነው ዝም ያለው፤ ስትከፍትለት በአንዴ ይፈላል፣ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ያንን ቦታ የሚያገኘው ፊትህ ላይ ነው። የግራ ክንዴ ከክርን እስከ አንጓ የተላጠው በ19 ዓመቴ ነው፤ ጨርቅ ይዤ ነበር። ስለዚህ የላይኛውን ጎማ ጨብጠህ እጅህ ሳይቃጠል እስክትይዘው ድረስ ጠብቅ።

ክዳኑንና ቴርሞስታቱን ከቀየርክ በኋላ መጀመሪያ ባዶ፣ ከዚያ በግማሽ ጭነት ኢተያ ውጣ። ከመነሣትህ በፊት ፕላስቲኩ ላይ የውሃውን ልክ በምስማር ጭረህ ምልክት አድርግ። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ምልክቱ ላይ ከተመለሰና ጎማው ክብ ሆኖ ካደረ፣ ብሎኬትህን ጫን። ክዳኑ ይዞም መርፌው ከወጣ ራዲያተሩን አውርደህ ውስጡን አስጠርግ፤ ቴስታታ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።