የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የኪቦርድ ቁልፍ ሲሞት

ጥያቄ፦ በጽሕፈት አገልግሎት የምተዳደር ሰው ነኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በላፕቶፔ «ለ»፣ «መ»፣ «ሰ» ልጽፍ ስል «ል»፣ «ም»፣ «ስ» ብቻ ይወጡብኛል፤ «ሉ»፣ «ላ»፣ «ሎ» ግን ያለ ችግር ይጻፋሉ። ያሳየሁት ጠጋኝ «ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ) ነው» ሲለኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የአማርኛው ፕሮግራም ተበላሽቷል ትላለች። የማንን ልቀበል? (ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ምክንያቱም የላኩልን ምልክት ራሱ አብዛኛውን መልስ ይዟል። ቃሉን በድምፁ በሚያስጽፉት በአብዛኞቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች አንድ ፊደል የሚወጣው በሁለት ምት ነው። ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድሱ ይወጣል፤ የእንግሊዝኛዋ «ኢ» (E) ስትከተለው ግዕዙ፣ «ዩ» (U) ስትከተለው ካዕቡ፣ «ኤ» (A) ስትከተለው ራብዑ ይሆናል። ከእርስዎ የጠፋው ከየፊደሉ ግዕዙ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባት «ኢ» የተጻፈባት አንዲት ቁልፍ ናት። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች «ሌ»ም ያለ እርሷ ስለማይጻፍ፣ እሱም ሳይጠፋብዎት አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

ይህን ለማረጋገጥ የአማርኛውን ፕሮግራም ያጥፉና ኖትፓድ የተባለውን የዊንዶውስ ቀላል መጻፊያ ከፍተው ያችኑ ቁልፍ በእንግሊዝኛ ይምቱ። በእንግሊዝኛ ከጻፈች ባልደረባዎ ትክክል ናቸው፤ ፕሮግራሙን አውጥቶ እንደገና መጫን ወይም የተመረጠውን የአጻጻፍ ስልት ማስተካከል ይበቃል። በእንግሊዝኛም ካልጻፈች ግን ፕሮግራሙ ነጻ ነው። ቀጥሎ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና «ኦ»ን (O) አንድ ላይ ቢጫኑ ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ሥዕል ይወጣል። በማውስ የሥዕሉን «ኢ» ሲነኩ ፊደሉ ተጽፎ በጣትዎ ሲመቱ ግን የማይጻፍ ከሆነ፣ ሲስተሙ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከራሱ ከኪቦርዱ ወይም ከመስመሩ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ሌላ ኪቦርድ ከጎረቤት ተውሰው ቢሞክሩበት ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠራል።

ስለ ማዘርቦርዱ የተባለውን ለመመዘን የኪቦርዱን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በተለመደው የላፕቶፕ ኪቦርድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እንደ መቀስ የሚታጠፍ ትንሽ ፕላስቲክና የጎማ ጉብታ አለ፤ ከእነሱ በታች ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር የታተመባቸው ሁለት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች አሉ፤ በመካከላቸውም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሦስተኛ ንጣፍ ይለያቸዋል። ቁልፉ ሲጫን ሁለቱ ንጣፎች በቀዳዳው በኩል ይነካካሉ። ቁልፎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽቦ የላቸውም፤ በአግድምና በቁመት በተዘረጉ መስመሮች መገናኛ ላይ ተቀምጠው መስመሮቹን ይጋራሉ። ስለዚህ አንድ መስመር ሲቆረጥ፣ ወይም ኪቦርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ ከመሰኪያው ሲላቀቅ፣ በአብዛኛው ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ ይሞታሉ፤ የሚሞቱትም የግድ ጎን ለጎን ያሉት አይደሉም። አንዲት ቁልፍ ብቻዋን ስትሞት ግን ዋናው ምክንያት ከሥሯ የገባ ቆሻሻ ወይም የመነካኪያዋ መበላሸት ሲሆን፣ ማዘርቦርድ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። ሌላ ኪቦርድ ሳያገናኝ «ማዘርቦርድ ነው» ብሎ ዋጋ ለሚቆርጥ ባለሙያ ዕቃዎን አይስጡ።

ማጽዳቱን ራስዎ መሞከር ይችላሉ። ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ወደ ጎን አዘንብለው በቁልፏ ዙሪያ በአየር መንፊያ ይንፉ። የቁልፏን ክዳን ማንሳት ካስፈለገ በስስ ፕላስቲክ ከጠርዟ ቀስ ብለው ያንሷት፤ የመያዣዎቹ ጥርሶች በቀላሉ ይሰበራሉ፤ አነሳሱም እንደ ላፕቶፑ ዓይነት ስለሚለያይ የሞዴልዎን አስቀድመው ይመልከቱ። ሺፍት፣ ኢንተርና ስፔስ ባርን ግን አያንሱ፤ ከሥራቸው ያለው የብረት ዘንግ አንዴ ከተጣመመ መልሶ ማስገባቱ ያስቸግራል። ለመጥረግ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ነክረው ይጠቀሙና በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ውኃ አይሆንም፤ አሴቶን ደግሞ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልዳነች ኪቦርዱ ይቀየራል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር በቀለጠ ፕላስቲክ የተጣበቀ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ የሚቀየረው ኪቦርዱ ብቻ ይሁን ሽፋኑም ጭምር አስቀድመው ይጠይቁ። እስከዚያው የደንበኞችዎ ሥራ እንዳይቆም በዩኤስቢ ኪቦርድ መሥራት ከሁሉ የተሻለ ነው። ማይክሮሶፍት በነጻ በሚያቀርበው ፓወርቶይስ በተባለ ፕሮግራም የካፕስ ሎክን ቁልፍ «ኢ» አድርጎ መሾምም ይቻላል፤ ከአማርኛው ፕሮግራም ጋር መስማማቱን ግን በጥቂት ቃላት ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ትናንት ማታ ስኳር ያለበት ሻይ ላፕቶፔ ላይ ፈሰሰ። በጨርቅ ጠረግኩት፤ አሁን ሁሉም ቁልፎች ይሠራሉ። ልተወው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይተዉት፤ ይህን እስካነበቡበት ሰዓት ድረስ ካላጠፉትም አሁኑኑ ያጥፉት። ከቁልፎቹ ሥር የቀረ እርጥበት ኤሌክትሪክ ባለበት ሲቆይ መስመሮቹን ይበላል፤ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ስኳሩ ደግሞ ሲደርቅ ስለሚጣበቅ ቁልፎቹ ተጭነው የሚቀሩት ወይም ምት የሚዘሉት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጥረግ ሁለተኛ ሥራ ነው። መጀመሪያ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ከዚያም ላፕቶፑን ከፍቶ ኪቦርዱን ወደ ታች ደፍቶ ማቆም ያስፈልጋል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም ሆነ በጸጉር ማድረቂያ ሙቀት መምታት አይጠቅምም፤ ሙቀቱ ንጣፎቹን ሊያጣምም ይችላል። የእርስዎ ባትሪ ከውስጥ የታሰረ ከሆነ ባለሙያ ከፍቶ ባትሪውን ይንቀለው፤ የስኳሩንም ቅሪት በአልኮል ያጽዳው። በጊዜ የተከፈለ የጽዳት ዋጋ ማዘርቦርድ ከመቀየር እጅግ ይቀላል።

ጥያቄ፦ «ተ» ስመታ «ጠ»፣ «ነ» ስመታ «ኘ» ይወጣል። ቁልፎቹ ተበላሽተው ነው? (ከጎንደር፣ ተማሪ)

መልስ፦ ቁልፎቹ ደኅና ናቸው። «ጠ» እና «ኘ» የሚጻፉት በትልቁ «ቲ» እና በትልቁ «ኤን» ስለሆነ፣ ወይ ካፕስ ሎክ በርቷል፣ ወይ አንደኛው ሺፍት ተጭኖ ቀርቷል። ካፕስ ሎክን ይመልከቱ፤ ሁለቱንም ሺፍቶች አንድ ጊዜ መታ አድርገው ይልቀቁ። ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ መምታት ዊንዶውስ ስቲኪ ኪስ የሚለውን፣ ሺፍት ከተለቀቀ በኋላም እንደተጫነ የሚያቆየውን አገልግሎት እንዲያበራ ስለሚጠይቅ፣ ሳያውቁ እሺ ብለውት ከሆነ ከሴቲንግ ውስጥ ያጥፉት። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ «ጠ» ፈልገው «ተ» የሚወጣባቸው አንባብያን ደግሞ በግራው ሺፍት ፈንታ በቀኙ ይሞክሩ፤ በቀኙ ከጻፈ የሞተው የግራው ሺፍት ነው።